በነጭ ክር የተያዘው እጅጌ

«ወረፋው ማን ላይ ደረሰ?» አለ ረዥሙ መምህር፣ በሩን ጎንበስ ብሎ እየገባ።

ዳር ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ቀና ብለው አዩት። «እሱን አንድ እግዜር ነው የሚያውቀው» አሉ።

መምህሩ ፈገግ አለ። ቀልድ መስሎት ነው። ልብስ ስፌት ቤቱ ግጥም ብሎ ሞልቷል፤ ሰው በሁለቱ አግዳሚ ወንበሮች ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጣብቆ፣ አንዳንዱም የጨርቅ ጥቅልሎቹን ተደግፎ ዝም ብሏል። ለፋሲካ ሦስት ቀን ሲቀረው ይህ ቤት መቼም ቢሆን እንዲህ ነው። መምህሩ ለፈተና እርማት ሌላ ከተማ ሰንብቶ ገና ከአውቶቡስ መውረዱ ነበር። በብብቱ በጋዜጣ የተጠቀለለ አዲስ ጫማ ይዟል። «የሱሪ ቁመት የሚለካው በሚጫሙት ጫማ ነው፣ ይዘውት ይምጡ» ብሎት ነበር ልብስ ሰፊው። መምህሩ ደግሞ የታዘዘውን የሚያደርግ ሰው ነው።

ሽማግሌው ጠጋ ብለው ቦታ ለቀቁለት። ተቀመጠና ጉልበቶቹን የሚያደርግበት አጥቶ ሲያጣጥፍ ሲዘረጋ ቆየ። ማንም አያወራም። ዝምታው ሲከብደው፣ ለመግባባት ያህል ድምፁን ከፍ አድርጎ፣

«ይሄ ሰውዬ ዘንድሮም ሳያስለቅሰን አይለቀንም!» አለ።

ቤቱ በአንድ ጊዜ በለቅሶ ተናጋ። ጥግ ላይ የነበሩት ሴቶች ደረታቸውን ያዙ፤ ሽማግሌው መሐረባቸውን አወጡ፤ ከጓዳ ሻይ ይዛ ትመጣ የነበረች ሴት ትሪውን መሬት አስቀምጣ እዚያው ቁጭ አለች። መምህሩ ጫማውን እንዳቀፈ ከሰው ፊት ወደ ሰው ፊት ዓይኑን አንከራተተ።

ጎረቤቲቱ ነርስ ናት የደረሰችለት። እጅጌውን ይዛ ወደ በረንዳ ጎተተችው።

«ጋሼ፣ አልሰሙም እንዴ? ሰኞ ዕለት እኮ ነው። ማክሰኞ ቀበርነው።»

«ማንን?»

«ጋሽ ማክሰኞን ነዋ!»

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ በሙሉ ጋሽ ማክሰኞ ነው የሚለው። መቼ ይደርሳል ሲባል «ማክሰኞ» ይላል። ማክሰኞ ሲመጡበት «ማክሰኞ አልኩ እንጂ የትኛው ማክሰኞ አልኩ?» ይላል። ሰዉ ይቆጣል፣ ይሰድባል፣ ሌላ ሰፊ ዘንድ እሄዳለሁ ብሎ ይምላል፤ ልብሱን በለበሰ ጊዜ ግን መስታወት ፊት ዞር ዞር ይልና ስድቡን ይረሳዋል። በቀብሩ ዕለት አንዱ ደንበኛው መቃብሩ አፋፍ ላይ ቆሞ «በዕድሜው ያከበራት ማክሰኞ እቺ ብቻ ናት» አለ። የሳቀም ነበር፣ «አፍህን ያዝ» ያለም ነበር። ሚስቱ ሰምታዋለች። አልሳቀችም፣ አልተቆጣችምም።

አሁንም የሆነውን ሁሉ ከስፌት መኪናው አጠገብ፣ ከድሮ መቀመጫዋ ላይ ሆና አይታለች። እትዬ መርፌ ነው የሚሏት፤ ክር የገባበት መርፌ ከልብሷ ኮሌታ ላይ አይጠፋምና። የሐዘን ጥቁሯን ስትለብስ እንኳ መርፌዋን ከአሮጌው ኮሌታ ነቅላ አዲሱ ላይ ሰክታዋለች። ሳታስበው ነው። እጇ ነው ያደረገው።

መምህሩ ተመልሶ ገባና ሰላሳ ደቂቃ ያህል አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ። ሲነሳ ወደ እሷ ቀረብ ብሎ «እግዜር ያጥናዎት፣ እትዬ» አለ። ስለ ልብሱ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከወጣ በኋላ አግዳሚው ስር አየች። ጋዜጣው ተፈትቶ ሁለት ጥቁር ጫማዎች አፋቸውን ከፍተው ቀርተዋል። ታንኳ ነው የሚያክሉት።

ቀና ብላ መስኮቱ አጠገብ ያለውን ባዶ መስቀያ አየች። 

«አላለቀሰችም እኮ» ትላለች አንዷ ለቀስተኛ፣ ቡናዋን ፉት እያለች፣ የማይሰማ መስሏት።

«ደርቃ ቀረች። ሐኪም ይያት እንዴ?»

«የውስጥ ሐዘን ነው። እሱ ነው የሚፈራው።»

እትዬ መርፌ ትሰማለች። እውነታቸውን ነው፣ አላለቀሰችም። ስለ እሷ ሳይሆን ስለ ሌላ ሴት የሚያወሩ ነው የሚመስላት። አንዳንዴ እንደውም ያቺ ሴት ታሳዝናታለች።

ሰኞ ረፋድ ላይ ነበር። ባሏ ስፌት መኪናው ላይ፣ እሷ አጠገቡ፣ ሃያ ስድስት ዓመት እንደለመዱት። መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አደረገና «አለቃ፣ እስቲ አንዴ ዓይኔን ልጨፍን» አላት። አለቃ ነው የሚላት። ከዚያ ክንዱን መኪናው ላይ አጣጥፎ ጭንቅላቱን አሳረፈ። በበዓል ሰሞን እንዲህ ያደርጋል፤ አምስት ደቂቃ ያሸልብና «ማን ቀሰቀሰኝ?» ብሎ ይነሳል። እሷ የአንድ ሕፃን ሸሚዝ ይዛ ነበር። አንድ ቁልፍ ተከለች። ሁለተኛውን ተከለች። «ዛሬስ ረዘመ» ብላ ሦስተኛውን ተከለች። አራተኛውን ተክላ ክሩን በጥርሷ ስትበጥስ ነው ዞር ብላ ያየችው።

አራት ቁልፍ። አሁን የምታስበው ይሄንን ነው። ሞተ ብላ አታስብም። አራት ቁልፍ ብላ ነው የምታስበው።

ከዚያ በኋላ ቤቱ በሰው ተሞላ። የባሏ ታናሽ ወንድም፣ ሾፌሩ፣ መኪናውን መንገድ ላይ ጥሎ እየሮጠ መጣ። «ወንድሜ በሹራብ አይቀበርም!» አለ። መቼም ልብስ ሰፊ ሲባል ሌላውን አልብሶ ለራሱ ክርኑ በተጣፈ ሹራብ የሚኖር ነው፤ ይህም እንደዚያው ነበር። «ሙሉ ልብስ የለውም እንዴ? እትዬ፣ ሙሉ ልብሱ የት ነው?» ብሎ ጠየቃት። አልመለሰችለትም። የጠየቃት ቋንቋውን የማታውቀው ሰው ነበር የመሰላት። እሱም ዓይኑን ቢያማትር መስኮቱ አጠገብ መስቀያ ላይ ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ አየ። እንደ ብርጭቆ ጥርት ያለ ጨርቅ። «ለካ ለራሱ ሰፍቶ ኖሯል!» ብሎ ልብሱን አቅፎ አለቀሰ።

ማክሰኞ፣ የሳጥኑ ክዳን ከመዘጋቱ በፊት፣ «ተሰናበቺው» አሏት። ፊቱን ልታይ ጎንበስ አለች። ያየችው ግን እጅጌውን ነው። እስከ ጣቶቹ ጫፍ ድረስ ወርዶ ሸፍኖታል፤ ጠርዙ አልተቀመቀመም፤ ዙሪያውን በረዣዥም ነጭ ክር ለጊዜው ተይዟል። የመምህሩ ልብስ ነበር። የመጨረሻው የልክ ሙከራ ሐሙስ ነበር የተባለው።

አፏን ከፈተች። ቀና ስትል ሾፌሩን አየችው፤ ወንድሙን እንዳለበሰ ሰው፣ በኩራትና በእንባ መካከል ቆሟል። አፏን መልሳ ዘጋች። ክዳኑ ተዘጋ።

በሕይወቱ የተንሻፈፈ ቅምቅማት አይቶ እንቅልፍ የማይወስደው ሰው፣ ባላለቀ ልብስ፣ በሰው ልብስ፣ ተቀበረ። ይህን የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አሁን ደግሞ የመምህሩ ጫማ አግዳሚ ስር ተቀምጧል።

መምህሩ ጨርቁን ያመጣው የዛሬ ሁለት ወር ነበር። በላስቲክ ተጠቅልሎ፣ የብል መድኃኒት ይሸታል። ጠረጴዛው ላይ ሲዘረጋው ልብስ ሰፊው አፉን አሞጥሙጦ አፏጨ።

«ይሄን የመረጠ ሰው ዓይን አለው።»

«ባለቤቴ ናት» አለ መምህሩ። «ከማረፏ በፊት የገዛችው ነው። ሦስት ዓመት ቁምሳጥን ውስጥ ተቀመጠ። ‹ለፋሲካ ታሰፋውና አብረን ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን› ብላኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ እኔም ቤተ ክርስቲያን አልረገጥኩ። ዘንድሮ እንኳ ልሂድ ብዬ . . .» የጨርቁን ጫፍ በጣቱ አስተካከለ።

ልብስ ሰፊው ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ መለካት ጀመረ። እጅጌው ላይ ሲደርስ «አለቃ፣ ጻፊ» አላት። ቀጥሎም «ጋሼ፣ እጅዎ አያልቅም እንዴ? ለዚህ እኮ መሰላል ነው የሚያስፈልገኝ» አለ። መምህሩ በሦስት ዓመቱ የሳቀ ይመስል፣ ሳቁ ዝገት ነበረው።

በመጀመሪያው ሙከራ ዕለት ደግሞ መስታወት ፊት ቆሞ ነጩን ክር በጣቱ ነካ ነካ አደረገ። «ይሄ ታዲያ እንዲህ ሊቀር ነው?»

«ኧረ አይቀርም። ነጭ ክር የሚሰፋው ሊፈታ ነው» አለ ልብስ ሰፊው፣ መርፌ በከንፈሩ እንደያዘ። «ነጭ ክር ያለበት ልብስ ካዩ፣ አላለቀም ማለት ነው። ባለቤቱ ተመልሶ ይመጣል ማለት ነው።»

«መቼ?»

«ማክሰኞ።»

በስቅለት ዕለት አመሻሹ ላይ ቄሱ መጡ። ሽማግሌ ናቸው፣ ጉልበታቸውን ያማቸዋል፤ በተቀመጡ ቁጥር «እኔስ ትንሣኤውን የምናፍቀው ለዚህ ለጉልበቴ ብዬ ነው» ይላሉ። ስለ መስቀሉ ተናገሩ፤ ስለ እናቱ ሐዘን፣ ስለ ሦስተኛው ቀን። ሰዉ ራሱን እየነቀነቀ አዳመጠ። እትዬ መርፌ ቃላቱ ሲመጡ ታያቸዋለች፤ አጠገቧ ይደርሱና እንደ ዝናብ በመስታወት ላይ ወርደው ይሄዳሉ። ድሮ ታምናቸው ነበር። አሁንም አላምንም አትልም። ርቀው ብቻ ነው።

ጸሎት ሊያደርጉ ሲነሱ ድንገት፣

«አባ» አለች።

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያት። ከሰኞ ወዲህ ስትናገር የሰማት ጥቂት ሰው ነው።

«አቤት ልጄ።»

«ሙት ሲነሣ ምን ለብሶ ነው የሚነሣው?»

ነርሷ «ኧረ እህቴ!» ብላ ክንዷን ያዘቻት። ሾፌሩ ወለሉን አየ። ቄሱ ግን መልሰው ተቀመጡ፤ ለጉልበታቸው ቀላል ነገር አይደለም።

«አርባ ዓመት ሳስተምር ይህን የጠየቀኝ የለም» አሉ። «አላውቅም ልጄ። የማውቀውን ልንገርሽ። ጌታ በተነሣ ጊዜ የተገነዘበትን ጨርቅ እዚያው መቃብር ውስጥ ነው የተወው። ሮጠው የሄዱት ሰዎች ያገኙት ጨርቁን ነው። ራሱ ላይ የነበረው ደግሞ ለብቻው ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር።»

«ተጠቅልሎ?»

«አዎ፣ ተጠቅልሎ።»

«አልተጣለም?»

«አልተጣለም።»

የአንድን ደንበኛ ወገብ ልክ እንደነገሯት ሁሉ ራሷን ነቀነቀች።  የቸኮለ ሰው ልብስ አይጠቀልልም። ባሏ የራሱን ሸሚዝ የትም ነበር የሚወረውረው፤ እሷ ናት የምትለቅመው። የሰው ልብስ ሲሆን ግን እንደ ደብዳቤ አስተካክሎ ነበር የሚያጥፈው።

ቅዳሜ ሾፌሩ አግዳሚዎቹን ሲያስተካክል ጫማዎቹ ላይ ተሰናከለ።

«ይሄ ደግሞ የማን ጀልባ ነው?»

«የሙሉ ልብሱ ባለቤት ጫማ ነው።»

«የምን ሙሉ ልብስ?»

«አንተ ወንድምህን ያለበስከው።»

ሳቀ። ከዚያ ፊቷን አየና ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ቀረ። ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«እትዬ . . . ለምን ዝም አልሽኝ?»

«እጅጌውን እያየሁ ነበር።»

ራሱን በሁለት እጁ ያዘ። ከዚያ ሾፌርነቱ መጣና አቋራጭ መፈለግ ጀመረ። «ሌላ ጨርቅ ገዝተን እናሰፋለታ! ያንኑ ቀለም። ወይ ደግሞ በግርግሩ ጠፋ እንበለው። ለቅሶ ቤት ነው፣ ስንት ነገር ይጠፋል።»

«ጨርቁን ሟች ሚስቱ ናት የገዛችው» አለች። «ነገ ለብሶት ቤተ ክርስቲያን ሊሄድ ነበር። በሦስት ዓመቱ።»

ሾፌሩ ጫማዎቹን መልሶ ከአግዳሚው ስር አስገባቸው።  ባሏ ሰውየው ከቤት የሚወጣበትን የመጨረሻ ማመኻኛ ይዞበት ሄደ፤ ነገ ያ ሰው ቤቱ ቁጭ ካለ ከዚህ በኋላ የሚያወጣው የለም። የምትፈራው ይህን ነው። ስድቡን አይደለም፤ ለስድብማ ሃያ ስድስት ዓመት ሠልጥናለች።

«እኔ እነግረዋለሁ» አለች። «አንተ ዝም በል።»

እሑድ ጠዋት ደወሉ ተደወለ። በመንገዱ ላይ የሰው ኮቴ፣ የልጆች ሳቅ፣ የአዲስ ልብስ ሹክሹክታ ያልፋል። ከሚያልፉት ልብሶች ግማሾቹን በስፌታቸው ታውቃቸዋለች። ከቤተ ክርስቲያን የተመለሱ ሰዎች በበሩ ብቅ እያሉ፣ ድምፃቸውን ለሐዘኑ ዝቅ አድርገው «ክርስቶስ ተነሣ፣ እትዬ» ይሏታል። ራሷን ትነቀንቃለች። ‹በእውነት ተነሣ› የሚለው መልስ ምላሷ ላይ አለ፤ ግን እንደ ተዋጠ መድኃኒት መንገድ ላይ ቆሟል። ነርሷ ዳቦና ሻይ አቀረበችላት። ሻይው ቀዘቀዘ።

ከዚያ በሩ ጨለመ። መምህሩ ጎንበስ ብሎ ገባ። ያረጀ ጥቁር ኮት ለብሷል፤ መካከለኛው ቁልፍ የለም፣ እዚያ ቦታ ላይ በወረቀት መያዣ ሽቦ አያይዞታል። የመምህር ነገር።

«ክርስቶስ ተነሣ» አለ።

እሷ ብድግ አለች። አጎንብሳ ጫማዎቹን ከአግዳሚው ስር አወጣችና በሁለት እጇ ያዘቻቸው።

«ጋሼ፣ ልብስዎ የለም» አለች። «ባሌ ለብሶት ነው የተቀበረው። በስሕተት ነው። እኔ አይቻለሁ፣ ክዳኑ ሳይዘጋ አይቻለሁ። ዝም አልኩ።»

ሾፌሩ በጓዳው በር ላይ ደርቆ ቆመ። ነርሷ አፏን ያዘች።

መምህሩ ጫማዎቹን ተቀበላትና ጎኑ አስቀመጣቸው። አግዳሚው ላይ ሲቀመጥ ጉልበቶቹ ከፍ ብለው ቆሙ።

«ሐሙስ ነው የገባኝ» አለ። «እኒህ ነርስ በረንዳው ላይ ‹ጥቁር ሰማያዊ ሙሉ ልብስ ለብሶ እንዴት አምሮበት ነበር› አሉኝ። ስመለስ መስቀያውን አየሁት፤ ባዶ ነው።»

«ታዲያ ለምን አልጠየቁኝም?»

«ምን ብዬ ልጠይቅ? ባልዎ ሞቶ፣ እኔ ልብሴ?» መነጽሩን አውልቆ በኮቱ ጫፍ ጠረገው። «ሐሙስ ዕለት ተናድጄ ነበር፤ አልዋሽም። ቤቴ ገብቼ ከእሷ ፎቶግራፍ ጋር ተጣላሁ። ‹የገዛሽልኝ ጨርቅ አንቺው ወዳለሽበት ሄደልሽ› አልኳት።»

 መንገድ ላይ አንድ ልጅ ፊኛ አፈንድቶ ሮጠ።

«ሄዱ?» አለች እትዬ መርፌ። «ቤተ ክርስቲያን?»

«ሄድኩ። ከኋላ፣ በሩ ሥር ቆምኩ። ሦስት ዓመት ሙሉ ‹ልብሱ ሲሰፋ እሄዳለሁ› ስል ነበር። አሁን ምን ልበል? ሊሰፋ አይችል!» ከዚያ ቀስ ብሎ፣ የሚያስፈራ ነገር እንደሚጠይቅ ሰው፣ «አልቆ ነበር እንዴ?» አላት።

«አላለቀም» አለች። «እጅጌው አልተቀመቀመም ነበር። በነጭ ክር ነው የተያዘው። እንደዚያው . . . እስከ ጣቱ ድረስ . . .» እጇ ወደ ራሷ እጅጌ ሄደና የሌለ ክር መፈለግ ጀመረ። «በነጭ ክር ነው የሄደው።»

መምህሩ አያት። የመጀመሪያው ሙከራ ዕለት መስታወቱ ፊት የቆመው እሱ ነው፤ ስለ ነጭ ክር የተባለውን ሰምቷል። እሷም ሰምታለች። ሁለቱም አልተናገሩትም። መምህሩ ብቻ ራሱን ሁለቴ ነቀነቀ።

እትዬ መርፌ ቁልፍ የሚጠራቀምበትን ቆርቆሮ ከመሳቢያ አወጣች። በጣቷ አመሰችው፤ ጥቁር፣ ባለ አራት ቀዳዳ አገኘች። «ይነሱ» አለችው። ተነሳ። እሷ ግንባሯ ደረቱ ጋ ነው የሚደርሰው። የወረቀት ሽቦውን ነቅላ ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ከኮሌታዋ መርፌዋን አወጣች። ከሰኞ ጀምሮ ክር እንደገባበት ነበር፤ የሕፃኑ ሸሚዝ ክር፣ ነጭ።

«እትዬ፣ ጥቁር ክር እኮ አለ» አለ ሾፌሩ ከጓዳው በር።

«ይሁን። ለጊዜው ነው።»

ሰፋች። መርፌው ገባ፣ ወጣ። ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ቁልፍ ነው፤ አምስተኛው። ለሦስተኛ ጊዜ ስትወጋ የቁልፉ ቀዳዳዎች ስምንት ሆነው ታዩዋት። ቆም አለች። ዓይኗን በክንዷ ጠረገችና ቀጠለች። ነርሷ ልትመጣ ስትል ሾፌሩ ያዛት።

ክሩን ቋጠረች። ጎንበስ ብላ በጥርሷ ስትበጥሰው፣ አፏ ገና ከኮቱ ሳይርቅ፣

«በእውነት ተነሣ» አለች።

ለቁልፉ የተናገረችው ነበር የሚመስለው። መምህሩ ግን ሰምቷል።

«ቄሱ ያሉት እውነት ከሆነ» አለች፣ መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ መልሳ እየሰካች፣ «የሚነሣ ሰው የተቀበረበትን ልብስ ትቶት ነው የሚነሣው። እሱ ደግሞ የሰው ልብስ አጥፎ ነው የሚያስቀምጠው። ያን ቀን ያገኙታል ጋሼ፣ መቃብሩ ላይ።»

መምህሩ ጥቁሩ ኮት ላይ የተሰፋውን ነጭ ክር በጣቱ ነካ ነካ አደረገ።

«እሱማ» አለ፣ «ያን ቀንም ‹ማክሰኞ ተመለሱ› ሳይለኝ አይቀርም።»